«ምን ገብቶበታል?» የሚሉ አክስት እና የሙሽራዋ ኬክ

በየቤተሰቡ አንዲት ጠያቂ አክስት አለች። ከሌለች ቤተሰቡ ገና አልተሟላም ማለት ነው። ሱቅ ስትገባ ባለሱቁ ወደ ጓዳ የሚሸሻት፣ ምግብ ቤት ስትቀመጥ አስተናጋጆች «አንተ ሂድ፣ አንተ ሂድ» የሚባባሉባት፣ ሐኪም ቤት ስትሄድ ሐኪሙን መርምራ የምትመለስ አክስት። እናንተም ታውቋታላችሁ። አብራችኋት ወጥታችሁ ከሆነ ደግሞ፣ እንደማያውቃት ሰው ፊታችሁን ወደ መስኮቱ አዙራችሁ ታውቃላችሁ።

የዛሬዋ ባለታሪካችን በቤተሰቡ ዘንድ የሚታወቁት እትዬ ጉምሩክ በሚል የክብር ስም ነው። ስሙን ያወጣላቸው ታናሽ ወንድማቸው ነው፤ በእሳቸው እጅ ሳይፈተሽ ወደ ቤት የሚገባ ዕቃም ሰውም የለምና። ስሙን ያውቁታል፣ አይከፋቸውም። «ጉምሩክ እንቅልፍ ከወሰደው እኮ ሁሉም ነገር ይገባል» ይላሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሒሳብ መምህርት ነበሩ። ተማሪው ትክክለኛውን መልስ ቢያመጣ እንኳ አሠራሩን ካላዩ ማርክ አይሰጡም ነበር፤ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ይህንኑ ልማዳቸውን ይዘውት ወጡ።

አጀማመራቸው አንድ ዓይነት ነው። አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል፣ ድምፃቸውን ለስለስ ያደርጉና «አይክፋህ እንጂ ልጄ፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረችኝ» ይላሉ። እሳቸው ዘንድ አንዲት ጥያቄ ብሎ ነገር የለም። የመጀመሪያዋ በሩን ትከፍታለች፣ ዘመዶቿ ተከትለዋት ይገባሉ።

ፋርማሲስቱን የመድኃኒቱ እንክብል ቅርፊት ከምን እንደተሠራ ጠይቀውታል፤ «አላውቅም» ሲላቸው «ታዲያ ማን ይወቅልህ?» ብለው አምራቹ ጋ እስኪደውል ወንበር ስበው ጠብቀዋል። ምግብ ቤት ገብተው መጥበሻው ይምጣልኝ ብለው መጥበሻው መጥቷል፤ አሽትተው መልሰውታል። የእህታቸው ልጅ እጮኛዋን መጀመሪያ ቤት ያመጣችው ዕለት፣ ሌላው ዘመድ ስለ ሥራውና ስለ ወላጆቹ ሲጠይቀው፣ እትዬ ጉምሩክ ተራቸውን ጠብቀው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረችኝ። ከመምጣትህ በፊት ምን በላህ?»

«ሳንድዊች» አለ፣ ነገሩ ያልገባው የመንገድ መሐንዲስ።

«እንግዲያው ጥርስህን ሳትቦርሽ እንዳትስማት።»

ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። መሐንዲሱ ግን ተነስቶ «መታጠቢያው በየት በኩል ነው?» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናው ውስጥ የጥርስ ብሩሽ አይጠፋም። እትዬ ጉምሩክም ልጁን ያለ ተጨማሪ ፍተሻ አሳለፉት።

ነገሩ እብደት የሚመስለው ምክንያቱን ለማያውቅ ነው። የእህታቸው ልጅ ስንዴ አይስማማትም። አይስማማትም ስንል ሆዷን ትንሽ ይነፋታል ማለታችን አይደለም። ሐኪሞች ግሉተን የሚሉት፣ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ነገር፣ የዳቦ ፍርፋሪ የምታህል እንኳ ወደ ሆዷ ከገባ አንጀቷን ያቆስለዋል፣ አልጋ ላይ ይጥላታል። መድኃኒቱ አለመብላት ብቻ ነው።

ልጅቷ ራሷ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ይህም ጠቅሟታል። ድግስ ላይ ኬክ ሲዞር «እኔ እኮ የጥርስ ሐኪም ነኝ» ትላለች፣ ሰው ይስቃል፣ ሳህኑ ያልፋታል። ስለ አንጀቷ ለማያውቁት ሰው ማስረዳት ታክቷት የፈጠረችው ዘዴ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የአጎቷ ልጅ ሠርግ ላይ፣ «ያንቺ ለብቻው የተሠራ ነው፣ ስንዴ የለበትም» ብለው ሲያቀርቡላት አመነች፣ በላችም። የቀረውን ሙዚቃ የሰማችው ከአዳራሹ መጸዳጃ ቤት በር ጀርባ ሆና ነው።

እንግዲህ የራሷ ሠርግ ሲደርስ የፈለገችው ነገር ትንሽ ነበር። ቀሚሱ ቢጠብም ቢሰፋም ግድ አልሰጣትም። ኬኳን ቆርሳ፣ እንደ ማንኛዋም ሙሽራ ሰው መሀል ቆማ፣ ሳትፈራ መብላትና ከዚያ መጨፈር ነው የፈለገችው። ይህንንም ለማንም አልተናገረችም፤ ቅንጦት መስሎ ተሰማት።

መሐንዲሱ በበኩሉ ሊያቀልላት አስቦ መላ አመጣ። «በየኬክ ቤቱ መስታወት ውስጥ የሚታዩት ባለ ብዙ ፎቅ ኬኮች እኮ ውስጣቸው ፎም ነው። አንዱን ተከራይተን ለፎቶ ብንቆርጠውስ? ማንም አያውቅም።»

ሙሽራዋ «ይሻላል መሰለኝ» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።

እትዬ ጉምሩክ መነጽራቸውን አወለቁ። «ፎም? ቴሌቪዥን የሚታሸግበት?»

«ለፎቶ ብቻ ነው እትዬ።»

«ልጄ፣ የምታገባው የእህቴን ልጅ ነው ወይስ ቴሌቪዥን?» አሉና ወደ ልጅቷ ዞሩ። ፊቷን አዩት። ሰው ፊት ላይ ያለውን ለማንበብ ጥያቄ የማያስፈልጋቸው ጊዜም አለ። «ኬክሽን ትበያለሽ» አሉ፣ ቦርሳቸውን አንስተው።

ፍለጋው እንዲህ ተጀመረ። ሙሽራዋ ከክሊኒክ እረፍት በወሰደች ቁጥር ሁለቱ አብረው ይወጡ ነበር፤ እትዬ ጉምሩክ ከፊት፣ ሙሽራዋ ትንሽ ራቅ ብላ ከኋላ።

መጀመሪያ የገቡት መስታወቱ ከመጥራቱ የተነሳ ሰው ግንባሩን የሚጋጭበት ኬክ ቤት ነበር። ባለ ክራቫቱ ሻጭ ፈገግታውን አስቀድሞ ተቀበላቸው። «ከግሉተን ነፃ? ሞልቶናል እማማ፤ የፈለጉት ዓይነት አለ።»

«አይክፋህ እንጂ ልጄ፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረችኝ። ግሉተን ምንድን ነው?»

ሻጩ ግራና ቀኝ አየ። «ስኳር... አይደል?»

እትዬ ጉምሩክ አልተቆጡም። አመስግነው፣ ለቅምሻ የቀረበላቸውን ቁራጭ ኬክ በሶፍት ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ወጡ። በነፃ የቀረበን ነገር ትቶ መሄድ አልፈጠረባቸውም፤ ለልጅ ልጆቻቸው ይሆናል። በየኬክ ቤቱ እንዲሁ አደረጉ።

ከዚያ ወደ አንድ ትልቅ ሆቴል ሄዱ። የሆቴሉ ዋና ሼፍ ቆቡን አስተካክሎ ወደ ወጥ ቤቱ አስገባቸው። ግሉተን ምን እንደሆነ በደንብ ያውቃል። የሩዝ ዱቄቱ የታሸገ፣ ሚክሰሩ የታጠበ፣ ቢላዋው ለብቻው መሆኑን አንድ በአንድ አሳያቸው። እትዬ ጉምሩክ እጃቸውን ዘርግተው ጣታቸውን በፍሪጁ አናት ላይ ሳብ አደረጉና ነጩን ዱቄት ለሼፉ አሳዩት።

«ይሄ የሩዝ ነው የስንዴ?»

«እማማ፣ ዱቄት እኮ ይበናል። ጥግ ላይ ዳቦ እንጋግራለን፣ ምን እናድርገው?»

«እኔም የምፈራው ይህን የሚበነውን ነው።»

ሙሽራዋ በዚህ ጊዜ በሩ አጠገብ ቆማ፣ ምንም መልእክት ያልገባበትን ስልኳን በትኩረት እያነበበች ነበር። ሲወጡ «እትዬ፣ በቃ ይተዉት፣ ሰውን አስጨነቅነው» አለቻቸው።

«አንቺ ከምትታመሚ እነሱ ቢጨነቁ ይሻላል» አሉና መንገዱን ተሻገሩ።

ሦስተኛው ተስፋ ሰጭ ነበር። የሰፈራቸው ዳቦ ጋጋሪ፣ ሰውነቱ ሰፊ፣ ቃሉ የታመነ ሰው ነው። ሙከራ ልሥራ፣ ቁጭ ብላችሁ እዩኝ አላቸው። ዳቦ ቤቱን በእረፍት ቀኑ ዘግቶ ከጣሪያው እስከ ወለሉ አጠበ። አዲስ ጎድጓዳ ሳህን ገዛ፣ የሚስቱን ንጹሕ ሽርጥ አገለደመ። እትዬ ጉምሩክ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ተከታተሉ። የሩዝ ዱቄት፣ የበቆሎ ዱቄት፣ እንቁላል፣ ስኳር። ሙሽራዋ እንኳ ስልኳን ከታ ማየት ጀመረች። ጋጋሪው በሥራው መሀል ስለ ሴት ልጆቹ ያወራል። እያወራም የመጋገሪያውን ትሪ ቅቤ ቀባው፣ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ሰደደ፣ ከአንድ ቆርቆሮ ቆንጠር አድርጎ ትሪው ላይ ነሰነሰ፣ ትሪውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ቆይ» አሉ እትዬ ጉምሩክ። «ከየትኛው ቆርቆሮ ነው?»

ጋጋሪው እጁን አየ። ዕድሜውን ሙሉ ሊጡ እንዳይጣበቅ ትሪ በቀባ ቁጥር የስንዴ ዱቄት ሲነሰንስ የኖረ እጅ ነው። ቀኑን ሙሉ የተጠነቀቀው ጭንቅላቱ ነበር፤ ለእጁ ግን ማንም አልነገረውም።

«እጄ ነው» አለ፣ ድምፁ ወርዶ። «እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው።» ዱቄት ከረጢት ላይ ተቀመጠ። ሊያለቅስ የደረሰ ይመስል ነበር።

እትዬ ጉምሩክ ትከሻውን ያዝ አደረጉት። «አይዞህ ወንድሜ። እጅ የለመደውን ነው የሚሠራው። ስላሳየኸን አመሰግናለሁ።»

ሰውየው ትንሽ ከተረጋጋ በኋላ ነው ስለ ኬክ ሠሪዋ የነገራቸው። «አብራኝ ትሠራ የነበረች ልጅ አለች። የስንዴ ዱቄት ደረቷ ውስጥ እየገባ ሳል ሊገድላት ደረሰ። ሐኪሙ ወይ ሥራውን ተይ ወይ ስንዴውን አላት፤ ስንዴውን ተወች። አሁን እቤቷ ነው የምትሠራው። እሷ ቤት ስንዴ በበር አያልፍም።»

ከዚያው በቀጥታ ወደ ኬክ ሠሪዋ ቤት ሄዱ። ቤቱ ከአንድ ፎቅ አናት ላይ ነው። እትዬ ጉምሩክ ደረጃውን ሲወጡ ጥያቄዎቻቸውን እያሰናዱ ነበር። በሩን አንኳኩ፣ በሩ ገርበብ አለ፣ አፍንጫዋን በጨርቅ የሸፈነች ቀጭን ሴት ብቅ አለች። እትዬ ጉምሩክ አንገታቸውን ዘንበል ከማድረጋቸው ሴትዮዋ ቀደመቻቸው።

«ይቅርታ እናቴ፣ ከመግባታችሁ በፊት የምጠይቀው አለ። አሁን የመጣችሁት ከየት ነው?»

«ከ... ከዳቦ ቤት።»

«ሻርፕዎም አብሮዎት ነበር?»

«ነበር።»

«እንግዲያው ሻርፑና ኮቱ ውጭ ይቀራል። እጃችሁን እዚህ ትታጠባላችሁ። ጫማም ይወልቃል።»

እትዬ ጉምሩክ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እሳቸው ተጠያቂ ሆኑ። በመከፋት ፋንታ ፊታቸው እየበራ ሄደ። ሻርፑን አወለቁ፣ ጫማውን አወለቁ፣ ለሙሽራዋም በዓይናቸው «አየሽ?» አሏት።

«ቦርሳውስ? ምን አለበት?»

ይህን ጥያቄ ሲጠብቁት የኖሩ ይመስላሉ። ቦርሳውን በኩራት ከፈቱት። «መነጽሬ ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒቴ ነው። ይሄ ደግሞ የልጄ ነው» አሉና በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ማንኪያና ሹካ ነው። ሙሽራዋ የሰው ቤት ማንኪያ እንዳትነካ ብለው የትም ይዘውት የሚዞሩት፣ በእጃቸው አጥበው፣ በእጃቸው የሚጠቀልሉት።

ኬክ ሠሪዋ ግን ጨርቁን ትታ ቦርሳው ውስጥ ታይ ነበር። «ይሄ ሶፍትስ?»

ከየኬክ ቤቱ የተሰበሰበው ቅምሻ ነበር። ሶፍቱ ተቀዷል። ፍርፋሪው የቦርሳውን ወለል ሞልቶታል፤ ነጩ ጨርቅ ላይም፣ እጥፋቱ ውስጥም ገብቷል።

ሙሽራዋ ያን ማንኪያ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ጀምሮ አልተጠቀመችበትም፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ግን በማግስቱ ልትጠቀምበት ትችል ነበር፤ ይህንንም ሁለቱም ያውቃሉ። እትዬ ጉምሩክ በባዶ እግራቸው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«የሰውን ወጥ ቤት ሁሉ ስበረብር፣ መርዙ እኔ ብብት ሥር ነው የነበረው» አሉ። ቆይተው ደግሞ «በቃ። ከእንግዲህ ማንንም ምንም አልጠይቅም» አሉ።

ሙሽራዋ ይህን ቃል ስንት ዓመት ተመኝታዋለች። በየምግብ ቤቱ፣ በየድግሱ፣ እትዬ ዛሬ እንኳ ዝም ባሉልኝ ብላለች። አሁን ሲመጣ ግን ደስ አላላትም። እናቷ የነገረቻት ትዝ አላት። ሕፃን ሳለች፣ የበላችው አልረጋ እያለ፣ አጥንቷ እስኪቆጠር ከስታ፣ ሐኪሞቹ «ልጆች እንዲህ ይሆናሉ፣ ያልፋል» ሲሉ፣ «አያልፍም፣ ለምን እንደሆነ ንገሩኝ» እያሉ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር የዞሩት፣ አንዱ ሐኪም ተሰላችቶ ይሁን አምኖ ሕመሟን ያሳየውን የደም ምርመራ እስኪያዝ ድረስ የጠየቁት እኚሁ ሴት ናቸው። ዛሬ በሕይወት ኖራ የምታፍርባቸው በእሳቸው ጥያቄ ነው። አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ጋጋሪው እጄ ነው ሲል ምን አሉት?»

«አይዞህ አልኩት።»

«እንግዲያው አይዞዎት።»

ኬክ ሠሪዋ ውኃ ይዛላቸው መጣች። ማንኪያውንና ሹካውን እዚያው በር ላይ በሳሙና አጥባቸዋለች። «እኔ የሚጠይቅ ሰው አያስፈራኝም እናቴ» አለች። «ዝም ብሎ አምኖኝ የሚሄደው ነው የሚያስፈራኝ። አሁን ለሙሽራዋ አንድ ጥያቄ አለኝ። አዳራሹ ውስጥ ሌላ ኬክ ይኖራል? የእንግዶቹ በስንዴ፣ ያንቺ ለብቻው ከሆነ፣ ቢላዋና ሳህን መደባለቁ አይቀርም።»

ሙሽራዋ ብዙ አላሰበችም። «አንድ ኬክ ነው የሚኖረው» አለች። «ሁሉም የኔን ይበላል።»

እትዬ ጉምሩክ ቃላቸውን ጠበቁ። ቤተሰቡ መጀመሪያ እፎይ አለ፣ ከዚያ ግራ ገባው፣ ከዚያ ደነገጠ። ልብስ ሰፊው ቀሚሱን በሳምንት ዘግይቶ ሲያመጣ ለምን አላሉም። ታናሽ ወንድማቸው «ጉምሩኩ ተዘጋ፣ ኮንትሮባንዱ መግባቱ ነው» ብሎ ሊያስቃቸው ሞከረ፣ አልሳቁም። መሐንዲሱ አንድ ቀን መጥቶ «እትዬ፣ እየመጣሁ ዳቦ በልቻለሁ» አላቸው፣ ሆን ብሎ። «ደግ» ብቻ አሉት። ልጁ በገዛ ፈቃዱ ሄዶ ጥርሱን ቦረሸ። እንዲህ ያለች አክስት ያለችው ቤተሰብ ጫጫታው እንደሚያሰለቸው እናውቃለን። ዝምታው ግን ቤት ያጎድላል፤ በር ተከፍቶ እንዳደረ ያህል እንቅልፍ ይነሳል።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ኬኩ ባለ ሦስት ፎቅ ነው፣ ከላይ እስከ ታች የሚበላ። ኬክ ሠሪዋ ራሷ በታሸገ ሣጥን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ሣጥኑን ሳትለቅ ጥግ ይዛ ቆመች። እትዬ ጉምሩክ ከፊት ተቀምጠዋል፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው።

ፎቶ አንሺው ሙሽሮቹን አቀራረበ፣ ማይክ የያዘው ሰው ተጠጋ፣ የአዳራሹ አስተናጋጅ ሪባን የታሰረበት ረጅም ቢላዋ በትሪ ይዞ መጣ። እትዬ ጉምሩክ ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ቃጡ። አፋቸውም ተከፈተ። ከዚያ ቃላቸው ትዝ ያላቸው ይመስላል፣ በመዳፋቸው አፋቸውን ያዙት። ሙሽራዋ አየቻቸው። ቀና ብላ አዳራሹን አየች፣ የክሊኒኳ ሰዎች፣ የባሏ ዘመዶች፣ ማንኛቸውም ሕመሟን አያውቁም። «እኔ እኮ የጥርስ ሐኪም ነኝ» ብላ ብትስቅ ያልፍ ነበር፣ እንደ ሁልጊዜው።

«ይሄ ቢላዋ ዛሬ ሌላ ነገር ቆርጧል?» አለች። ማይኩ ቅርብ ነበርና አዳራሹ ሁሉ ሰማት።

«ዳቦ ብቻ ነው የቆረጥንበት እመቤቴ» አለ አስተናጋጁ። «ደግሞ በደንብ ጠርገነዋል።»

«እኔ ስንዴ የነካው ነገር ከበላሁ እታመማለሁ። ብዙ ቀን ነው የምተኛው። ሌላ ቢላዋ እፈልጋለሁ።»

ፊቷ ቀልቷል፣ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። ሰው የሚስቅ መስሏት ነበር፤ አንድም የሳቀ የለም። ከኋላ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ምስኪን፣ እስከዛሬ ለካ» ስትል ተሰማች። ኬክ ሠሪዋ ሣጥኗን ከፍታ፣ ይህንኑ ፈርታ ይዛው የመጣችውን የራሷን ቢላዋ አቀበለቻት። ባልና ሚስቱ ቆረሱ። ሙሽራዋ ቆማ፣ ሰው መሀል፣ የመጀመሪያውን ቁራጭ በላች። ለእንግዳውም ዞረ፤ አብዛኛው ሰው ከዚህ ቀደም ከበላው ኬክ በምን እንደሚለይ ሳያውቅ በልቶ ጨረሰ።

ሙዚቃው ተጀመረ። ሙሽራዋ ትንሽ ጠበቀች፣ ሆዷን አዳመጠች። ምንም የለም። ባሏን ይዛ ወጣች፣ ጫማዋን አውልቃ እስኪያልባት ጨፈረች። ስትመለስ እትዬ ጉምሩክ ኬኩ አጠገብ ቆመው አገኘቻቸው። አንገታቸው ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል። የሚሉት እንዳላቸውና ከራሳቸው ጋር እየታገሉ እንደሆነ ያስታውቃል።

«ምን ነበር እትዬ? ይጠይቁኝ።»

«ይጣፍጣል?» አሉ።

ስንት ዓመት ሙሉ በእሷ ሳህን ላይ ምን እንደገባ፣ በማን እጅ፣ በየትኛው መጥበሻ እንደተሠራ ሲጠየቅ ኖሯል፤ እዚህች ጥያቄ ላይ ግን ሁለቱም ደርሰው አያውቁም።

«አላውቅም» አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ከንፈሯ ግን እየሳቀ ነበር። «ፈርቼ ሳላጣጥመው ነው የዋጥኩት።»

ሳህኗን ዘረጋችላቸው። እትዬ ጉምሩክ ቢላዋውን አነሱና ከመካከለኛው ፎቅ፣ ክሬሙ ከበዛበት በኩል፣ ትልቁን ቆረጡላት።